የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር ምርጫ በእንግሊዝና በዌልስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በእንግሊዝ ሰዓት ናቸው።

ኮሚሽነሩ ፖሊስ ነው?

አይደለም። አገር ቤት «ኮሚሽነር» ሲባል ትከሻው ላይ ማዕረግ የደረደረ የፖሊስ አለቃ ስለሚታሰብ፣ ግር ማለቱ አያስገርምም። የእንግሊዝና የዌልስ የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር ግን ዩኒፎርም አይለብስም፣ ሰው አያስርም፣ ለፖሊሶች ስምሪት አይሰጥም። ሕዝብ ለአራት ዓመት የሚመርጠው ሲቪል ነው። ዩኒፎርም የለበሰው የኃይሉ አለቃ ቺፍ ኮንስታብል ይባላል፤ እሱን ቀጥሮ የሚቆጣጠረው ደግሞ ኮሚሽነሩ ነው።

አንድ ተጨማሪ ማደናገሪያ አለ። የለንደኑ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ አዛዥ የማዕረጉ ስም ራሱ «ኮሚሽነር» ነው። እሱ ግን የተሾመ ፖሊስ እንጂ የተመረጠ ሰው አይደለም። ዜና ላይ «ኮሚሽነሩ እንዲህ አሉ» ሲባል የትኛው እንደሆነ ማየት ነው።

እኔ በምኖርበት አካባቢ ኮሚሽነር አለ?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 43 የአካባቢ የፖሊስ ኃይሎች አሉ። ሜይ 2 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ ኮሚሽነር የተመረጠው ለ37ቱ ነው። በቀሪዎቹ ስድስት ሥራው በሌላ እጅ ነው፦ በለንደን በከንቲባው፣ በሲቲ ኦፍ ለንደን (በለንደን መሃል ያለው የንግድ ማዕከል) በሲቲ ኮርፖሬሽን፣ በግሬተር ማንቸስተር (ከ2017 ጀምሮ)፣ በዌስት ዮርክሸር (ከ2021 ጀምሮ)፣ በሳውዝ ዮርክሸር እንዲሁም በዮርክና ኖርዝ ዮርክሸር (ከ2024 ጀምሮ) በየከንቲባዎቻቸው። ለንደን ወይም ሊድስ የሚኖር ሰው «የኮሚሽነር ምርጫ ወረቀት አልተሰጠኝም» ብሎ ምርጫ ጣቢያ ላይ ቢጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፤ ለከንቲባው የሰጠው ድምፅ የፖሊስንም ጉዳይ ይዟል።

ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም።

ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

አራት ነገሮች በእጁ ናቸው። የፖሊስን በጀት ያጸድቃል፤ ከካውንስል ታክስ (ለአካባቢው ምክር ቤት ከሚከፈለው የቤት ግብር) ላይ ለፖሊስ የሚነሳውን ድርሻ ይወስናል። በአካባቢው ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ጉዳዮች የሚዘረዝር የፖሊስና የወንጀል ዕቅድ ያወጣል። ቺፍ ኮንስታብሉን ይሾማል፣ ያግዳል፣ እንዲለቅም ይጠይቃል። በተጨማሪ የወንጀል ተጎጂዎችን የሚረዱ ድርጅቶችን በገንዘብ ይደግፋል። ይህ የመጨረሻው ብዙም አይወራለትም፤ ግን ለተራው ሰው ከሁሉም ይቀርባል። ለምሳሌ የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሴት ለፖሊስ ባታመለክትም እንኳ ከእነዚህ የድጋፍ አገልግሎቶች እርዳታ መጠየቅ ትችላለች። የትኛው ድርጅት እንደሚሠራ የኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

እጁ የማይደርስበት የፖሊስ ዕለታዊ ሥራ ነው። ማን ይታሰር፣ የትኛው መዝገብ ይዘጋ፣ ዛሬ ማታ ፓትሮል የት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ቺፍ ኮንስታብሉ ነው፤ ይህ ነፃነት በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ለኮሚሽነሩ ሲጻፍ አጠያየቁ ውጤቱን ይለውጠዋል። «ነገ ከቤታችን ፊት ፖሊስ ይቁምልን» የሚል ደብዳቤ ወደ ፖሊስ ይመራል፣ በዚያው ያበቃል። «በዕቅድዎ ላይ የአደንዛዥ ዕፅ ሽያጭ ቅድሚያ እንደሚሰጠው ተጽፏል፤ በእኛ ሰፈር ባለፈው ዓመት ምን ተሠራ? ቺፍ ኮንስታብሉን ጠይቀው ይመልሱልን» የሚለው ግን ከኮሚሽነሩ መደበኛ ሥራ ላይ ስለሚያርፍ ለማለፍ ይከብዳል።

ማን መምረጥ ይችላል? የብሪታንያ ዜግነት የሌለኝስ?

ዕድሜው 18 የሞላ፣ በፖሊስ ኃይሉ ክልል ውስጥ በመራጭነት የተመዘገበ፣ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም ሕጋዊ መኖሪያ ያለው የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ይመርጣል። ኢትዮጵያም ኤርትራም የኮመንዌልዝ አባል አይደሉም። በመሆኑም የስደተኛ ወረቀት ወይም ቋሚ መኖሪያ ብቻ የያዘ ሰው፣ ሃያ ዓመት ግብር ቢከፍልም፣ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ በዚህ ምርጫ አይሳተፍም። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ያልሆነውን ዜግነት መሙላት ደግሞ ወንጀል ነው።

የሆላንድ፣ የስዊድን ወይም የጣሊያን ዜግነት ይዘው የመጡ ወገኖች ጉዳይ ለየት ይላል። ብሬግዚትን ተከትሎ ደንቡ ስለተቀየረ፣ መምረጥ የሚችሉት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ በሕጋዊ መንገድ ብሪታንያ ገብተው ኑሯቸውን የቀጠሉት ናቸው። የስፔን፣ የፖርቱጋል፣ የፖላንድ፣ የሉክሰምበርግና የዴንማርክ ዜጎች በልዩ ስምምነት ምክንያት የገቡበት ጊዜ አይታይባቸውም።

ዌልስ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። እዚያ ለካውንስልና ለዌልስ ፓርላማ ምርጫ ከ16 ዓመት ጀምሮ መምረጥ ይቻላል፤ ሕጋዊ መኖሪያ ያለው የሌላ አገር ዜጋም ይመርጣል። ለኮሚሽነር ግን አይሆንም። ካርዲፍ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአንዱ ምርጫ ድምፅ ሰጥቶ በሌላው ቢከለከል ስህተት ተፈጽሞበት አይደለም።

ድምፅ ለመስጠት ምን ላዘጋጅ? ቀነ ገደቡስ?

መጀመሪያ ምዝገባ። ከምርጫው ቀን በፊት 12ኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። በፖስታ ለመምረጥ ማመልከቻው በ11ኛው የሥራ ቀን፣ በተወካይ ለመምረጥ ደግሞ በ6ኛው የሥራ ቀን፣ ሁለቱም ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ያበቃሉ። ቅዳሜ፣ እሁድና ባንክ ሆሊደይ የሥራ ቀን ስላልሆኑ የፈረንጆች ፋሲካ መሃል ከገባ ቀኑ ከተገመተው በላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለሜይ 2 ቀን 2024 ምርጫ ምዝገባው የተዘጋው ኤፕሪል 16 ነበር።

ምርጫ ጣቢያው ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 10 ሰዓት ክፍት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 4 መሆኑ ነው። አሥር ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ አይገባም።

ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ነው። ተቀባይነት ያለው የብሪታንያ፣ የኮመንዌልዝ ወይም የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና አገር ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ (ለማጁም ይበቃል)፣ ለአዛውንት የሚሰጠው የአውቶቡስ ካርድና ጥቂት ሌሎች ናቸው። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያም ፎቶው ባለቤቱን እስከመሰለ ድረስ ይሠራል። የማይሠሩት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፦ የዜግነት ምስክር ወረቀት ፎቶ የለውም፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ኦይስተር የሚባለው የወጣቶች የለንደን ትራንስፖርት ካርድ አይቆጠርም። ዜግነት አግኝቶ ገና የብሪታንያ ፓስፖርት ያላወጣና መንጃ ፈቃድም የሌለው ሰው በነፃ የሚሰጠውን የመራጭ ምስክር ወረቀት ማውጣት አለበት። ማመልከቻው ፎቶና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከምርጫው በፊት በ6ኛው የሥራ ቀን ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ስምን በተመለከተ ቀድሞ መፈተሽ ይበጃል። መዝገቡ ላይ በአባት ስም፣ መታወቂያው ላይ በአያት ስም የሠፈረ ሰው ጠረጴዛው ፊት ቆሞ «ይህ እርስዎ አይደሉም» ሊባል ይችላል። መዝገቡን ከመታወቂያው ጋር እንዲያስተካክሉ ለአካባቢው ምርጫ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መደወል ነው።

ድምፄ ሳይቆጠር የሚቀረው በምን ምክንያት ነው?

እስከ 2021 ድረስ ወረቀቱ የአንደኛና የሁለተኛ ምርጫ ሁለት ዓምዶች ነበሩት። በ2022 ሕጉ ተቀይሮ ከ2024 ጀምሮ ምልክቱ አንድ ብቻ ሆኗል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። የድሮውን ለምዶ ሁለት ቦታ ምልክት ያደረገ ድምፁ ይሰረዛል። በዚያው ቀን የካውንስለር ምርጫ ሲኖር ስህተቱ ይበዛል፤ በካውንስሉ ወረቀት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰው መምረጥ የሚፈቀድበት ቦታ ስላለ፣ እጅ እዚያ የለመደውን እዚህም ይደግማል። ባዶ የተተወ ወይም መራጩን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀትም አይቆጠርም። የተሳሳተ ሰው ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ሳይከት ለጣቢያው ኃላፊ መልሶ ሌላ መቀበል ይችላል።

በፖስታ የሚላክ ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው የሚወድቀው በፊርማና በልደት ቀን ነው። አብሮ የሚላከው ቅጽ ላይ የሚሞላው የልደት ቀን እንጂ የዕለቱ ቀን አይደለም። ማመልከቻው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ሊሆን ይገባል። አንዱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ አንዱን በፈረንጅ የሞላ ሰው፣ ፖስታው ተከፍቶ ሲመሳከር ድምፁ ውድቅ ይሆናል።

ስለ እጩዎቹ አንድም ወረቀት ቤቴ አልመጣም። ለምን?

ለፓርላማ የሚወዳደር እጩ ለእያንዳንዱ መራጭ አንድ የቅስቀሳ ወረቀት በነፃ ፖስታ የመላክ መብት አለው። ለኮሚሽነር የሚወዳደር ይህ መብት የለውም። አንዱ የፖሊስ ክልል ብዙ የፓርላማ ወንበሮችን ስለሚያካልል፣ ወጪውን ከኪሱ የሚችል እጩ እምብዛም ነው። የእጩዎቹ መግለጫ የሚወጣው ለዚሁ በተዘጋጀ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ለማይጠቀም ሰው ምርጫው እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ይቻላል።

ውጤቱ ከመጀመሪያው ታይቷል። ኖቬምበር 15 ቀን 2012፣ በብርድና በጨለማ ወር በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ከመቶ 15 ያህል መራጭ ብቻ ወጣ። ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት ከተማ፣ ቤቱስ በተባለ ሰፈር አንድ ምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ አንድም ሰው ሳይመርጥበት ተዘጋ። በ2014 በዌስት ሚድላንድስ በተደረገው የማሟያ ምርጫ የወጣው ከመቶ 10 ትንሽ ይበልጥ ነበር። ቁጥሩ ከፍ የሚለው ከካውንስል ወይም ከዌልስ ፓርላማ ምርጫ ጋር ሲገጣጠም ነው፤ በ2021 ወደ አንድ ሦስተኛ ደርሶ በ2024 ከሩብ በታች ወረደ።

ከካውንስል ታክሴ ላይ ለፖሊስ የሚሄደውን የሚወስነው እሱ ነው?

አዎ። የታክስ መክፈያ ቢሉ ላይ ከካውንስሉ ድርሻ ተለይቶ በራሱ መስመር ይጻፋል፤ ፕሪሴፕት ይባላል። መንግሥት በየዓመቱ ጣሪያ ያወጣል፤ ለ2025/26 በጀት ዓመት ጣሪያው በባንድ ዲ ቤት (ባንድ የቤቱ የታክስ ደረጃ ነው) ላይ የ14 ፓውንድ ጭማሪ ነበር። ሌሎቹ ባንዶች ከዲ ይሰላሉ። የባንድ ኤ ቤት የዲን ስድስት ዘጠነኛ ስለሚከፍል ያው ጭማሪ 9 ፓውንድ ከ33 ይሆንበታል፤ ባንድ ኤች ደግሞ እጥፉን፣ 28 ፓውንድ ይከፍላል።

ጊዜው ጥብቅ ነው። ኮሚሽነሩ ያሰበውን ጭማሪ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ድረስ በአብዛኛው ካውንስለሮች ላሉበት፣ የፖሊስና የወንጀል ፓነል ለሚባለው ተቆጣጣሪ አካል ያሳውቃል፤ ፓነሉ እስከ ፌብሩዋሪ 8 መልስ ይሰጣል። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ከተቃወመ ኮሚሽነሩ አሻሽሎ ማቅረብ አለበት፤ ሁለተኛ ጊዜ ውድቅ የማድረግ ሥልጣን ግን ፓነሉ የለውም። የሕዝብ አስተያየት መጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው፤ ቢሉ በማርች ሲመጣ ማጉረምረም አልፎበታል።

ከጣሪያው በላይ መጨመር የፈለገ ኮሚሽነር ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አለበት። የቤድፎርድሸር ኮሚሽነር በ2015 ሞክሮታል። 100 ፖሊስ ለመጨመር የ15.8 በመቶ ጭማሪ ጠየቀ። ቢሉ ጭማሪውን ይዞ በኤፕሪል ወጣ፤ በሜይ 7 ሕዝቡ ከመቶ 70 በሚጠጋ ድምፅ «አይሆንም» አለ፤ ቢሉም እንደገና ታትሞ ተላከ።

መወዳደር የሚችለው ማን ነው?

ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ የዜግነት መስፈርቱን የሚያሟላ፣ በዚያው ክልል በመራጭነት የተመዘገበ ሰው። የ100 ተመዝጋቢ መራጮች ፊርማና የ5,000 ፓውንድ ማስያዣ ያቀርባል። ከተሰጠው ድምፅ ከመቶ 5 በላይ ካላገኘ ገንዘቡ አይመለስለትም። በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ አይወዳደርም።

ብዙዎችን የጣለው ግን የወንጀል ታሪክ ደንቡ ነው። በእስር ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል በማንኛውም ጊዜ ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ በተግባር የተቀጣው በገንዘብ ብቻ ቢሆንም፣ ታግዷል። ይርጋም ሆነ ዕድሜ አያድነውም። ለፓርላማ አባልነት የሚታገደው ከአንድ ዓመት በላይ ተፈርዶበት ቅጣቱን እየፈጸመ ያለ ሰው ነው፤ ለኮሚሽነርነት የተቀመጠው ከዚያ በብዙ ይከብዳል። በ2012 አንድ እጩ በ1966፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ በተቀጣበት ጥፋት ምክንያት ከውድድሩ ወጥቷል። ዊልትሸር ውስጥ በ2021 አብላጫ ድምፅ ያገኘው እጩ የቆየ የጠጥቶ ማሽከርከር ቅጣት ተገኝቶበት ሥልጣኑን ሳይረከብ ቀረ፤ አውራጃው በኦገስት 19 እንደገና መረጠ። በጠጥቶ ማሽከርከር በእስር ሊያስቀጣ የሚችል ሕግ መኖሩን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ፊርማ ማሰባሰብ ከመጀመር በፊት የድሮ መዝገብን ጠበቃ ቢያየው ይሻላል።

ፖሊስ በደል አድርሶብኛል። ለኮሚሽነሩ ላመልክት?

በቀጥታ አይደለም። አንድን ፖሊስ የሚመለከት አቤቱታ መጀመሪያ የሚገባው ለዚያው የፖሊስ ኃይል የሥነ ምግባር ክፍል ነው። መልሱ ካላረካ በ28 ቀን ውስጥ ዳግም እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ የብዙዎቹን አቤቱታዎች ዳግም ምርመራ የሚያየው የኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከበድ ያሉት ወደ ገለልተኛው የፖሊስ ሥነ ምግባር ተቋም ይሄዳሉ። የትኛው እንደሚያየው የመጀመሪያው የመልስ ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ደብዳቤውን አለመጣል ነው፤ 28ቱ ቀን የሚቆጠረው ከእሱ ነው።

አቤቱታው በቺፍ ኮንስታብሉ ላይ ከሆነ ለኮሚሽነሩ፣ በኮሚሽነሩ ላይ ከሆነ ለፓነሉ ይቀርባል።

ቺፍ ኮንስታብሉን እንዳሻው ማባረር ይችላል?

ሥልጣኑ አለው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ የፖሊስ ኃይሎችን የሚመረምረውን ዋና ኢንስፔክተር አስተያየት ይጠይቃል፣ ፓነሉም ጉዳዩን ሰምቶ ምክሩን ያቀርባል። የፓነሉ ምክር አያስገድደውም፤ ፍርድ ቤት ግን ያስገድደዋል። በ2013 የሊንከንሸር ኮሚሽነር ተጠባባቂ አዛዡን ቢያግድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። የሳውዝ ዮርክሸር ኮሚሽነር ከሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የሞት ምርመራ ብይን በኋላ በ2016 አዛዡን ቢያሰናብት፣ ያው ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት ውሳኔው ሕገ ወጥ ነበር አለ።

በዚያው በ2013 ግን የግዌንት ቺፍ ኮንስታብል፣ ኮሚሽነሩ እንዲለቁ ግፊት ሲያደርግባቸው፣ ሳይካሰሱ በጡረታ ሄዱ። ሥልጣኑ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በር ዘግቶ በመነጋገር።

ኮሚሽነሩ ራሱ ቢያጠፋ ማን ያነሳዋል?

የሥርዓቱ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ፓነሉ ቢያንስ ከ10 ካውንስለሮችና ከ2 ገለልተኛ አባላት የተውጣጣ ነው፤ ሊጠይቀው፣ ሊወቅሰው፣ እምነት የለንም ብሎ ድምፅ ሊሰጥበት ይችላል። ማባረር ግን አይችልም። ሊያግደው የሚችለው ከሁለት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሲከሰስ ብቻ ነው። መራጩም በመካከል ፊርማ አሰባስቦ የሚያወርድበት መንገድ የለም።

በ2014 የሮዘራም የሕፃናት ወሲባዊ ብዝበዛ ሪፖርት ሲወጣ፣ ቀደም ሲል በከተማዋ ካውንስል የሕፃናት አገልግሎትን ይመራ የነበረው የሳውዝ ዮርክሸር ኮሚሽነር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ፣ የገዛ ፓርቲው፣ ፓነሉ፣ የተጎጂ ቤተሰቦች ልቀቅ ሲሉት ሦስት ሳምንት ያህል እምቢ አለ። የለቀቀው በራሱ ፈቃድ ነው። በ2021 የኖርዝ ዮርክሸሩ ኮሚሽነር በፖሊስ ስለተገደለች ሴት በሬዲዮ በተናገረው ነገር ፓነሉ እምነት ቢነሳውም፣ ወንበሩ ባዶ የሆነው እሱ ራሱ መልቀቂያ ሲያስገባ ነው።

ወንበሩ ከተለቀቀ ፓነሉ ከኮሚሽነሩ ሠራተኞች መካከል አንዱን ተጠባባቂ አድርጎ ይሾማል። ያላለቀው የሥራ ዘመን ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ሹመቱን ባቋቋመው በ2011ዱ ሕግ መሠረት የማሟያ ምርጫ ይደረጋል።

ሹመቱ ሊቀር ነው ይባላል። እውነት ነው?

መንግሥት በኖቬምበር 2025 ያስታወቀው እንዲህ ነው፦ አሁን ያሉት ኮሚሽነሮች ዘመናቸው በሜይ 2028 ሲያበቃ ሹመቱ ይቀራል። ከንቲባ ባለበት ሥራው በተቻለ መጠን ወደ ከንቲባው ይዛወራል፤ ከንቲባ በሌለበት የካውንስል መሪዎች የሚቀመጡበት ቦርድ ይረከበዋል፤ ለዌልስ የተለየ አሠራር ይዘጋጃል። ይህ በሕግ መጽደቅ ያለበት ጉዳይ ነው።

ለመራጩ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከንቲባ ባለበት አካባቢ የፖሊስ ጉዳይ ከትራንስፖርትና ከቤት ጋር በአንድ ድምፅ ይጠቃለላል፤ ቦርድ በሚሆንበት ደግሞ ለፖሊስ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ድምፅ አይኖርም፤ ወሳኙ የካውንስለር ምርጫው ይሆናል። የመራጭነት መስፈርቱ፣ መታወቂያውና ቀነ ገደቡ ለእንግሊዝ ከንቲባና ካውንስል ምርጫም በአብዛኛው ከላይ እንደተጻፈው ነው። እስከዚያ ግን ሹመቱ በሥራ ላይ ነው፤ የ2027 እና የ2028 ፌብሩዋሪ ፕሪሴፕት የሚወሰነው በአብዛኛው በ2024 በተመረጡት ኮሚሽነሮች ነው።